የነጋዴ ኑዛዜና የሕግ ምክር



ነጋዴ ዕቃ ከመጋዘን ሲያስወጣ ደረሰኝ ይቈርጣል፤ በዱቤ ሲሸጥ ስምና ቀን በመዝገብ ያሰፍራል፤ ሱቅ ሲከራይም በምስክር ፊት ውል ይዋዋላል። ዕድሜውን ሙሉ ደክሞ ያፈራው ሀብት ከእርሱ እጅ ወደ ሌላ እጅ ስለሚያልፍበት ቀን ግን ብዙውን ጊዜ አንዲት ወረቀት እንኳ አያዘጋጅም። የሚያዘጋጅ ቢኖርም፣ ወረቀቱ ሕግ የሚጠይቀውን ሥርዓት የተከተለ መሆኑን ከሚያውቅ ሰው ሳይረዳ ፈርሞ በካዝናው ይቈልፍበታል። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ እንደሚጎዳ ለመወሰን ያስቸግራል፤ ምንም ያልጻፈው ቤተሰቡን ያለ መመሪያ ሲተው፣ ያለ ሥርዓት የጻፈው ደግሞ በከንቱ ተስፋ አሳድሮ ይተዋልና።

እኔ የሕግ ዐዋቂ አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከፈጸምሁበት ጊዜ አንሥቶ በነጋዴ ቢሮ በጸሐፊነት የማገለግል ሰው ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በገዛ እጄ ያዘጋጀሁት አንድ ኑዛዜ በፍርድ ቤት ሲፈርስ ማየቴ ነው። ታሪኩን በአጭሩ ካቀረብሁ በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ ሕጉን በማንበብና ጠበቆችን በመጠየቅ የተማርሁትን በየተራው አስረዳለሁ።

አንድ የፈረሰ ኑዛዜ

ከአሁኑ አሠሪዬ በፊት ያገለገልኋቸው ነጋዴ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ሲሚንቶ ይሸጡ ነበር። ሁለት ሱቅና አንድ መጋዘን ነበራቸው። ልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር ሄደው ኑሮአቸውን በዚያው ስለ መሠረቱ፣ ሥራውን የሚያካሂደው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቤታቸው ያሳደጉት የእኅታቸው ልጅ ነበር። ሱቁን የሚከፍተውም የሚዘጋውም፣ በውክልናቸው ባንክ የሚመላለሰውም እርሱ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ «ልጄ፣ እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍልኝ» አሉኝ። ከሁለቱ ሱቆች ትንሹ በውስጡ ካለው ዕቃ ጋር ለእኅታቸው ልጅ እንዲሆን፣ የቀረው ሀብት ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው እንዲሆን ተናዘዙ። የተናገሩትን አንድም ቃል ሳልጥል በኮምፒዩተር ጽፌ አትሜ አቀረብሁላቸው። እርሳቸው ፈረሙ፤ ጎረቤት የሆኑ ሁለት ነጋዴዎችም በምስክርነት ፈረሙ። «ጋሼ፣ አንድ ጠበቃ ቢያየው አይሻልም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «የራሴን ንብረት ለራሴ ሰው ለመስጠት ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ሳቁ። እኔም ዝም አልሁ።

ነጋዴው በ2006 ዓ.ም. ዐረፉ። ወራሾቹ ተቃወሙና ኑዛዜው ለፍርድ ቤት ቀረበ። ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ የመረመረው የሟቹ ሐሳብ መልካም መሆኑን ሳይሆን ወረቀቱ በሕጉ ሥርዓት መዘጋጀቱን ነበር። ሟቹ በእጃቸው ስላልጻፉት በራስ ጽሕፈት የሆነ ኑዛዜ ሊባል አልቻለም። አራት ምስክሮች ስላልነበሩበትና በተናዛዡና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ ስላልተገለጸበትም በግልጽ የተደረገ ኑዛዜ ሊባል አልቻለም። ስለዚህ ፈረሰ። የእኅታቸው ልጅ ሃያ ዓመት የሠራበትን ሱቅ ቁልፍ አስረክቦ ወጣ። ርክክቡ ሲደረግ ዕቃውን እየቈጠርሁ መዝገብ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ለኑዛዜው የጎደለው ሁለት ፊርማና አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር።

ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ ራሱ ያከፋፍላል

በአገራችን ስለ ውርስ የሚሠራበት ሕግ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የጋብቻና የቤተሰብ ክፍሉ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በብዙ ክልሎችም በየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ቢተካም፣ ስለ ውርስ የተደነገገው ግን እስከ ዛሬ ይጸናል።

በዚህ ሕግ በቍጥር 842 እንደ ተመለከተው፣ ሳይናዘዝ የሞተን ሰው በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው። ሴት ከወንድ፣ በጋብቻ የተወለደ ከጋብቻ ውጭ ከተወለደ ሳይለይ ሁሉም እኩል ይካፈላሉ። በሕግ ሥርዓት የተደረገ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወለደ ልጅ ይቈጠራል። ከወላጁ አስቀድሞ የሞተ ልጅ ቢኖር የእርሱ ልጆች በእርሱ እግር ተተክተው ድርሻውን ይወስዳሉ። ተወላጅ ፈጽሞ ከሌለ አባትና እናት ይወርሳሉ፤ እነርሱ በሕይወት ከሌሉም ልጆቻቸው፣ ማለት የሟቹ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይተካሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ባልና ሚስትን የሚመለከተው ነው። ባል ወይም ሚስት ሕጉ በዘረዘራቸው ወራሾች መካከል አይገኙም። በጋብቻ ጊዜ የተፈራው ሀብት፣ የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ እንደ ሆነ ስለሚገመት፣ ከሞት በኋላ ሲጣራ ግማሹ በሕይወት ላለው ወገን ይሰጣል። ይህም ውርስ ሳይሆን የገዛ ሀብቱ ነው። የሟቹ ግማሽ ግን ለወራሾች ይሄዳል።

ለምሳሌ፣ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ዕዳው ሁሉ ከተከፈለ በኋላ 4,000,000 ብር ቢሆንና ባል አራት ልጆች ትቶ ሳይናዘዝ ቢሞት፣ 2,000,000 ብሩ የሚስት ነው፤ የቀረው 2,000,000 ብር ለልጆቹ በነፍስ ወከፍ 500,000 ብር ይደርሳል። ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት ሠላሳ ዓመት አብረው ቢነግዱና አንደኛው ሳይናዘዝ ቢሞት ደግሞ፣ የቀረው ወገን የሱቁን እኩሌታ ከሟቹ ወላጆች፣ ወይም ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ለመተሳሰብ ይገደዳል። ያሳደጉት የዘመድ ልጅ፣ የክርስትና ልጅና ታማኝ ሠራተኛ፣ ሟቹ ልጆች ካሉት፣ በኑዛዜ ካልታሰቡ በቀር ምንም አይደርሳቸውም።

ከዚህም ሌላ ማስተዋል የሚገባው፣ ሰው ሊናዘዝ የሚችለው በራሱ ድርሻ ላይ ብቻ መሆኑን ነው። «ሱቁ ለእገሌ ይሁን» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የሱቁ ግማሽ የሚስት ከሆነ ግን አባባሉ ክርክር ያመጣል።

ሦስቱ የኑዛዜ ዓይነቶች

ሕጉ የሚያውቃቸው ኑዛዜዎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። በቍጥር 881 እንደ ተደነገገው፣ ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑም በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ መፈረም ወይም የጣት ምልክት ማድረግ አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው እንደ ሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ጸሐፊ ለጌታው የሚጽፈው ኑዛዜ ሁሉ በዚህ መንገድ ካልሆነ አይጸናም። ምስክሮቹም ከኑዛዜው የሚጠቀሙ ሰዎች ባይሆኑ ከክርክር ያድናል።

ሁለተኛው በተናዛዡ ጽሕፈት የሆነ ኑዛዜ ነው። በቍጥር 884 መሠረት ተናዛዡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ ይጽፈዋል፤ ወረቀቱ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ ይናገራል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ይኖረዋል። ምስክር አያስፈልገውም። በጽሕፈት መኪና የሚጻፍ ከሆነ ግን ተናዛዡ ራሱ የመታው መሆን አለበት፤ ይህንኑም በየገጹ በእጅ ጽሑፉ ማመልከት ይገባዋል። ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በሰባት ዓመት ውስጥ ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በዐደራ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። በካዝና ውስጥ ሰባት ዓመት ያለፈው የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜ ያለው ነጋዴ ይህን ቃል ደግሞ ያንብበው።

ሦስተኛው በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ሰው ሞቱ እንደ ቀረበ በተሰማው ጊዜ ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው የመጨረሻ ቃል ነው። ብዙ ሰው ሀብቱን ሁሉ በዚህ መንገድ ለማከፋፈል የሚቻል ይመስለዋል፤ ስሕተት ነው። በቃል ኑዛዜ ሊነገር የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ስላላደረሱ ልጆች አሳዳጊነትና፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። የተናገረው ሰው ከተናገረበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር በሕይወት ከቈየ ቃሉ ይሻራል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ በዚህ ልክ ሱቅ ሊተላለፍ ቀርቶ የሱቅ መደርደሪያ አይገዛም።

መልካሙን ኑዛዜ የሚያሰናክሉ ነገሮች

ሥርዓቱን ጠብቆ የተጻፈ ኑዛዜም ቢሆን በሚከተሉት ምክንያቶች ሊሰናከል ይችላል።

ሀ) ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ቢናዘዙ ኑዛዜው ዋጋ የለውም። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወረቀት መናዘዝ ይገባቸዋል።

ለ) ኑዛዜ የራስ ሥራ ነው። ስለዚህ ለሌላ ሰው ውክልና ሰጥቶ «አንተ ተናዘዝልኝ» ማለት አይቻልም። ጠበቃም ሥርዓቱን ያሳያል እንጂ በተናዛዡ ፈንታ አይወስንም።

ሐ) ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ቢወለድና ውርሱን ቢቀበል፣ በኑዛዜ የተሰጡት ስጦታዎች ሊሻሩ ይችላሉ። ለባል ወይም ለሚስት የተተወ ስጦታም ጋብቻው በፍቺ ከፈረሰ ይቀራል። ስለዚህ ቤተሰብ በጨመረ ወይም በተለየ ቍጥር ኑዛዜውን መከለስ ያስፈልጋል።

መ) ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ ሲነገርና ምክንያቱ ሲጻፍ ብቻ ነው። የተጻፈው ምክንያት ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑን ፍርድ ቤት ይመለከታል። በቍጣ ሰዓት የተጻፈ ኑዛዜ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ሠ) በኑዛዜ የተሰጠ ዕቃ ተናዛዡ በሕይወቱ ሳለ ከሸጠው ስጦታው ይሻራል። መኪናውን ለእገሌ ተናዝዞ በዓመቱ የሸጠ ሰው ሌላ ነገር ካልጻፈ ለእገሌ ምንም አልተወም።

ዕዳ ከውርስ ይቀድማል

ወራሽ የሚካፈለው የተረፈውን ነው። በቍጥር 1014 በተቀመጠው ተራ መሠረት ከሟቹ ሀብት አስቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ቀጥሎ ውርሱን ለመጠበቅና ለማጣራት የወጣው ወጪ፤ ከዚያ የሟቹ ዕዳ፤ ከዚያም የቀለብ ዕዳ ነው። በኑዛዜ ለይቶ የተሰጠ ስጦታ የሚከፈለው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዕዳውን ሳያስብ ስጦታ የሚያበዛ ተናዛዥ የማይደርስ ነገር ይሰጣል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት የውክልና ነገር ነው። ብዙ ነጋዴ ለሚያምነው ሰው ሙሉ ውክልና ከሰጠ በኋላ ነገሩ ሁሉ የተደላደለ ይመስለዋል። ውክልና ግን በመሠረቱ ወካዩ በሞተበት ቀን ይቋረጣል። ቀድሞ የጠቀስሁት የእኅት ልጅ ውክልናውን ይዞ ወደ ባንክ በሄደ ጊዜ፣ የወራሽነት ምስክር ወረቀት ከፍርድ ቤት እስኪመጣ ድረስ ሒሳቡ እንደማይንቀሳቀስ ተነገረው። የሠራተኞች ደመወዝና የአቅራቢዎች ክፍያም በዚያው ቆመ።

ነጋዴው ሊያሰናዳው የሚገባ ዝርዝር

ወደ ጠበቃ ከመሄድ በፊት የሚከተሉትን ማሰናዳት ጊዜንም ገንዘብንም ይቆጥባል።

1ኛ) የቤተሰብ ዝርዝር፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅም ቢኖር ሳይደበቅ። የተሰወረ ልጅ ከአባቱ ሞት በኋላ ብቅ ማለቱ የተለመደ ነገር ነው።

2ኛ) የንብረት ዝርዝር፤ የቤት ካርታና የሊዝ ውል፣ የመኪና ሊብሬ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬት። መሬት በአገራችን የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ የሚተላለፈው ቤቱና የይዞታው መብት መሆኑን ያስታውሷል።

3ኛ) የዕዳና የብድር ዝርዝር። በቃል ብቻ የታወቀ ዱቤ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ያልተጨረሰ ዕቁብም ካለ ይጻፍ።

4ኛ) ንግዱ በማኅበር የተያዘ ከሆነ የመመሥረቻ ጽሑፉ። አባል ሲሞት ድርሻው እንዴት እንደሚተላለፍ የሚናገረውን አንቀጽ ጠበቃው ማንበብ አለበት።

5ኛ) የሕይወት ኢንሹራንስ ውል። ተጠቃሚው በስም ካልተጠቀሰ ገንዘቡ ወደ ውርሱ ሀብት ይገባል።

6ኛ) የውርስ አጣሪ እንዲሆን የሚታሰበው ሰው ስም። ተናዛዡ አጣሪ ካልሾመ በመሠረቱ ወራሾቹ ራሳቸው አጣሪዎች ይሆናሉ፤ የማይስማሙ ወራሾች ባሉበት ይህ አስቸጋሪ ነው።

የሕግ ረዳት ከየት ይገኛል?

ጠበቃ ሲፈለግ የመጀመሪያው ጥያቄ የጥብቅና ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የፌዴራል ጠበቆችን ፈቃድና አስተዳደር ደንግጎ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል። ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁለተኛው፣ የሥራውን ዋጋና የሚሠራውን ሥራ በጽሑፍ መዋዋል ነው። ኑዛዜውን ማርቀቅ ብቻ ነው? ወይስ ምስክሮች ፊት ማስነበቡንና በዐደራ ማስቀመጡንም ይጨምራል? ይህ አስቀድሞ ይለይ።

ገንዘብ ለሌለው ሰውም መንገድ አልተዘጋም። በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች ይገኛሉ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ዐቅም ለሌላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ ይረዳል። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ለማመልከቻ ይጠቅማሉ፤ ኑዛዜን ያህል ነገር ግን ሕግ ላጠና ሰው ማሳየት ይገባል።

ሙስሊም ነጋዴዎች ጉዳያቸው በሸሪዓ ሕግ እንዲታይ የሚፈልጉ እንደ ሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. በዐዋጅ የተቋቋሙት የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሲገልጹ የውርስና የኑዛዜ ነገር ያያሉ። በእስልምና ሕግ ኑዛዜ ከንብረቱ ሢሶ ሊበልጥ ስለማይገባ፣ ሁለቱን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ማማከር ይጠቅማል።

ወራሾችም ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ የወራሽነት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። የውርስ ሀብት በሌላ ሰው እጅ መያዙን ያወቀ ወራሽ፣ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ ክሱ በይርጋ ሊታገድበት ይችላል። ለቅሶው እስኪወጣ፣ ሽምግልናው እስኪያልቅ እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ ከዚህ ይቈጠራል።

መደምደሚያ

የአሁኑ አሠሪዬ ባለፈው ጊዜ «ኑዛዜ ጻፍልኝ» ባሉኝ ሰዓት፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አስቀድመን ጠበቃ እናነጋግር» አልኋቸው። ለጊዜው ቅር ቢላቸውም የፈረሰውን ኑዛዜ ታሪክ ስነግራቸው ተነሥተው ካፖርታቸውን ለበሱ። ጠበቃው ዘንድ የፈጀብን ሁለት ከሰዓት በኋላ ነው። በአራት ምስክሮች ፊት ሲነበብ እኔም በዚያው ነበርሁ። ሲነበብ አሠሪዬ በአንድ ስፍራ አስቆሙና የረሱትን የአንዲት የልጅ ልጅ ስም አስጨመሩ። የመነበቡ ሥርዓት ጥቅም ይህም ጭምር መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ያ የእኅት ልጅ ዛሬ በሌላ ሰው ሱቅ በሻጭነት ይሠራል። ባገኘኝ ጊዜ ሁሉ በፍቅር ሰላም ይለኛል፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። እኔ ግን ያን ወረቀት የጻፍሁት እኔ መሆኔን አልረሳም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ነጋዴ፣ ኑዛዜ ካለው ዛሬ ማታ ካዝናውን ከፍቶ ያውጣና ይመልከተው። በራሱ እጅ የጻፈው ከሆነ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ አለበት? ሰባት ዓመትስ አላለፈውም? ሌላ ሰው የጻፈለት ከሆነ፣ መነበቡ ተጽፏል? ምስክሮቹ አራት ናቸው? ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል በሕይወት ሳለ ማቃናት ይቻላል። ኑዛዜ የሌለው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያ ቀጠሮው ከጠበቃ ጋር ይሁን።